ስታቲንና የዓሣ ዘይት፦ አለመጋጨት መረዳዳት አይደለም

ኮሌስትሮል ለመቀነስ ስታቲን የታዘዘለት ሰው የዓሣ ዘይት ካፕሱል ሲጨምር በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሁለቱ ይጋጩ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስታቲኖች ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጋጭተው ሰው የገደሉበት ታሪክ አለ። ሰሪቫስታቲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2001 ከገበያ የወጣው ጡንቻን እያፈራረሰ ለሞት በመዳረጉ ሲሆን፣ ጉዳቱ የከፋው የደም ስብ የሚቀንሰውን ጄምፋይብሮዚልን አብረው በወሰዱ ሕሙማን ላይ ነበር። ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲንም ጉበት ውስጥ በሚያብላላቸው ኢንዛይም በኩል ክላሪትሮማይሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር ይጋጫሉ። በዓሣ ዘይት በኩል ግን እንዲህ ያለ ችግር አልታየም፤ በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 በደም ውስጥ ያለውን የስታቲን መጠን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይለውጥም። ስለዚህ «አይጋጩም» የሚለው መልስ ትክክል ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ ሕመምተኛው «አይጋጩም» ሲባል «ይረዳዳሉ» ብሎ ይሰማል፤ ማስረጃው ደግሞ ይህን ሁለተኛውን የሚደግፈው በጣም በጠበበ ሁኔታ ብቻ ነው።

ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ ቦታ ነው። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳል፤ ጉበቱም የጎደለውን ለመሙላት ኤልዲኤል የተባለውን «መጥፎ» ኮሌስትሮል ከደም ይስባል። የዓሣ ዘይት በቀን እስከ 4 ግራም ሲወሰድ የሚቀንሰው በዋናነት ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ስብ ነው። ኤልዲኤልን እምብዛም አይነካም፤ እንዲያውም ከኦሜጋ 3 ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዲኤችኤ ያለበት ዘይት አንዳንድ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ስፖርት የተባለ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ በቀን 5 ሚሊግራም ብቻ ሮሱቫስታቲን የወሰዱት ሰዎች ኤልዲኤል በ28 ቀን ውስጥ በ38 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ የዓሣ ዘይት ከፕላሴቦ የተለየ ውጤት አላመጣም። ዘይቱ የስታቲን ምትክ መሆን እንደማይችል ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከባዱ ጥያቄ በስታቲን ላይ ሲጨመር ልብን ይጠብቃል ወይ የሚለው ነው። ሪዱስ-ኢት በተባለው ጥናት፣ ስታቲን እየወሰዱ ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ያለ 8,179 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ኢፒኤ የተባለውን ሌላ የኦሜጋ 3 ዓይነት ተጣርቶ በቀን 4 ግራም ከወሰዱት 17.2 በመቶው፣ ማነጻጸሪያውን ከወሰዱት ደግሞ 22.0 በመቶው ድንገተኛ የልብ ጥቃት፣ ስትሮክ ወይም ተመሳሳይ አደጋ ደርሶባቸዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን ማነጻጸሪያው የማዕድን ዘይት ነበር፤ ያንን በወሰዱት ላይ ኤልዲኤል በ10.2 በመቶ ሲጨምር በኢፒኤ በኩል የጨመረው 3.1 በመቶ ብቻ ነው። ምናልባት የማዕድን ዘይቱ ስታቲን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ አውኮ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የዘይትና የስታቲን መስተጋብር የጥናቱ ርዕስ ብቻ ሳይሆን የመመዘኛው እንከንም ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህ ተጽዕኖ ውጤቱን ሁሉ አያብራራም ብሎ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የተጣራውን ኢፒኤ ለዚህ አገልግሎት ፈቅዷል። በዚያው ዓይነት ሕሙማን ላይ፣ በዚያው 4 ግራም መጠን፣ ነገር ግን ኢፒኤና ዲኤችኤን ቀላቅሎ የተሠራው ስትሬንግዝ የተባለ ጥናት ግን የበቆሎ ዘይትን ማነጻጸሪያ አድርጎ 12.0 በመቶ በ12.2 በመቶ፣ ማለትም ምንም ልዩነት አላገኘም። በእኔ ግምት ከሁለቱ ውጤቶች መካከል የትኛው እንደሚያመዝን ገና ስላልተቆረጠ፣ ጥቅሙን «የዓሣ ዘይት ጥቅም» ብሎ በጅምላ መጥራት ትክክል አይደለም።

ተቃዋሚ የጃፓኑን ጄሊስ ጥናት ሊያነሳ ይችላል። 18,645 ሰዎች የተሳተፉበት ይህ ጥናት ስታቲን ላይ 1.8 ግራም ኢፒኤ ሲጨመር ዋና ዋና የልብ አደጋዎች በ19 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል፤ የማዕድን ዘይትም አልነበረበትም። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ሆኖም ጥናቱ ፕላሴቦ አልነበረውም፣ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ማን ምን እንደሚወስድ ያውቁ ነበር። ከሁሉም በላይ ይህም የተጣራ ኢፒኤ ነው። በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት የተሰጠባቸው ቫይታልና አሰንድ የተባሉት ትልልቅ ጥናቶች በዋናው መለኪያቸው ጥቅም አላሳዩም። በተለምዶ የሚሸጠው ባለ 1,000 ሚሊግራም ካፕሱል በውስጡ ያለው ኢፒኤና ዲኤችኤ ተደምሮ 300 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ 4 ግራም ለመሙላት በቀን ወደ 13 ካፕሱል መዋጥ ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ የሚገኘው ድብልቅ እንጂ የተጠናው ኢፒኤ አይሆንም።

«ባይጠቅም ምን ይጎዳል?» ለሚለውም መልስ አለ። በሪዱስ-ኢት ኢፒኤ ከወሰዱት መካከል ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በተባለው የልብ ምት መዛባት ሆስፒታል የገቡት 3.1 በመቶ ሲሆኑ በማነጻጸሪያው በኩል 2.1 በመቶ ነበሩ፤ በስትሬንግዝም ተመሳሳይ ጭማሪ ታይቷል። ከባድ የደም መፍሰስም በሪዱስ-ኢት 2.7 በመቶ በ2.1 በመቶ ሆኗል፤ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን ለሚወስድ ሰው ይህ መታሰብ አለበት። የባሰው ጉዳት ግን በስታቲኑ ቦታ ዘይቱ ሲገባ የሚመጣው ነው፤ ጡንቻዬን አመመኝ ብሎ መድኃኒቱን ትቶ ካፕሱሉን የያዘ ሰው ኤልዲኤሉ ተመልሶ ይወጣል፣ የኤልዲኤል መጨመር ስለማያምም አያውቀውም።

በእኛ አገር በጾም ወራት የምንጠጣው ተልባም እንደ ዓሣ ዘይት ሁሉ የኦሜጋ 3 ምንጭ ተብሎ ስለሚታሰብ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። የተልባ ዘይት ኦሜጋ 3 ቢኖረውም ሰውነታችን ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ኮሌስትሮልን በመቀነስ የተሻለ ውጤት ያሳየው ከነገለባው የተፈጨው ተልባ እንጂ የተጨመቀው ዘይት አይደለም፤ ለዚህም አሰሩና ሊግናኑ ይጠቀሳሉ። እስካሁን ከተባለው ሁሉ በመነሳት ሐኪምም ፋርማሲስትም ስታቲን ለሚወስድ ሰው «ዘይት ትወስዳለህ?» ብቻ ሳይሆን ከዕቃው ጀርባ ላይ ስንት ሚሊግራም ኢፒኤ እንደተጻፈ፣ ከተጀመረ ወዲህ ስታቲኑ ተቋርጦ እንደሆነ፣ የልብ ምቱ ተዛብቶ ያውቅ እንደሆነ ሊጠይቀው ይገባል።