የጀናዛ መዝገብና የ«ዘን» ዕውቀት፦ ከልደታ የተነሣ የስታቲስቲክስ ታሪክ

በየካቲት ወር 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል በከተማይቱ መቃብሮች ሁሉ የሚፈጸመውን ቀብር መመዝገብ ጀመረ። ፋኩልቲው መቀመጫው በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ነው። ሥራው የኦርቶዶክሱን፣ የሙስሊሙን፣ የካቶሊኩንና የማዘጋጃ ቤቱን መቃብር ሳይለይ ያጠቃልል ነበር። ጀናዛው ሲደርስ የመቃብሩ ጸሐፊ የሟቹን ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና አድራሻ ይጽፋል፤ ቀጥሎም ቀባሪዎቹን «በምን ሞተ?» ብሎ ይጠይቅና የነገሩትን በራሳቸው ቃል ያሰፍራል። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ መዝገብ ልናወሳ የፈለግነው፣ መዝገቡ ያስነሣው ጥያቄ ለእስልምና ጥናት እንግዳ ባለመሆኑ ነው። ሊሳሳት ወይም ሊሸሽግ በሚችል ተናጋሪ ቃል ላይ ተመሥርቶ እስከ ምን ድረስ መፍረድ ይቻላል?

ወደ መቃብር መሄድ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ መልሱ አጭር ነው፤ ሞትን የሚመዘግብ ሌላ አስተማማኝ ስፍራ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ሞት መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም ድንጋጌዎቹ ሥራ ላይ ሳይውሉ ቀሩ። ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 የ2004 ዓ.ም. ነው፤ አገር አቀፉ ምዝገባም የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በመካከሉ የሕዝብ ቆጠራ ተደርጓል፤ የ1987ቱ ቆጠራ በአዲስ አበባ 2,112,737 ነዋሪ እንዳለ ዘግቧል። ሆኖም ቆጠራ በዋነኛነት የሚቆጥረው ሕያዋንን ነው። ኤድስ ጎልማሶችን በሚፈጅበት በዚያ ዘመን ስንቱ በዚህ ደዌ እንደሞተ የሚናገር መዝገብ በከተማይቱ አልነበረም።

የሐዲስ ሊቃውንት ወሬን በሁለት እንደሚከፍሉ ይታወቃል። ብዙዎች ከብዙዎች የተቀበሉት፣ በሐሰት ለመስማማታቸው መንገድ የሌለው ወሬ «ሙተዋቲር» ይባላል፤ የሚያስገኘውም «የቂን» ነው። ከዚያ በታች ያለው «ኣሓድ» ነው። ኢብኑ ሶላሕ (643 ሂጅራ የሞቱት) ቡኻሪና ሙስሊም የተስማሙበት የኣሓድ ሐዲስ ቁርጥ ዕውቀት ያስገኛል ሲሉ፣ በአገራችን መስጊዶች «ሚንሃጅ» የተሰኘው መጽሐፋቸው የሚቀራው ኢማም ነወዊ (676 ሂጅራ የሞቱት) ግን የሚያስገኘው «ዘን»ን ማለትም ያመዘነ ግምትን ነው፤ ሆኖም ሊሠራበት ግዴታ ነው ብለዋል። እርግጠኛ ያልሆነ ዕውቀት ሥራን እንደማያስቀር የሚያሳይ አቋም ነው።

እዚህ ላይ ልከኛ መሆን ይገባናል። አንዳንድ ጸሐፊዎች የይሆናልነትን ስሌት ሙስሊም ሊቃውንት ፈጠሩት እስከ ማለት ይደርሳሉ። ይህ ትክክል አይመስለንም። ሙሐዲሶች የራዊን ታማኝነት በደረጃ ለዩ እንጂ በቁጥር አልመዘኑም። አል-ኪንዲ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፊደላትን ድግግሞሽ እየቆጠረ የተሰወረ ጽሑፍን መፍታት ማሳየቱ እውነት ነው፤ ታላቅ ሥራም ነው፤ ግን ከዚያ እስከ ይሆናልነት ቀመር ድረስ ገና ረጅም መንገድ አለ።

መቃብርን መነሻ ያደረገው ሥራ በሌላ ስፍራ ቀዳሚ አለው። ጆን ግራውንት የተባለ የለንደን ነጋዴ በ1662 እ.ኤ.አ. የከተማውን የቀብር ዝርዝር ሰብስቦ መተንተኑ የስታቲስቲክስ ታሪክ መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። በዚያም የሞትን ምክንያት የሚያጣሩት አሮጊቶች ጉርሻ እየተቀበሉ የቂጥኝን ሞት በሌላ ስም ያስመዘግቡ እንደነበር ግራውንት ጠርጥሯል። የአዲስ አበባ ቀባሪም ጉርሻ ባይሰጥም ይሉኝታ ነበረበት። «ኤድስ» የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም፤ «የሳንባ በሽታ»፣ «ብርድ»፣ «አልማዝ ባለጭራ» ይላል። ተመራማሪዎቹ ቃሉን ሐሰት ብለው አልጣሉትም። ከሟቾቹ መካከል በናሙና የተመረጡትን ቤተሰቦች ከሐዘኑ በኋላ ቤታቸው ሄደው ስለ ሕመሙ ምልክቶች በዝርዝር ጠየቁ፤ መልሱንም ሐኪሞች መርምረው የሞቱን ምክንያት ፈረዱ። ከዚያ የቀባሪው ቃል ስንት ጊዜ ከሐኪሞቹ ፍርድ ጋር እንደሚገጥም ሰፈሩ። የራዊን ሁኔታ ከመመርመር፣ ከ«ጀርሕ ወተዕዲል»፣ ጋር ያለው መመሳሰል ለአንባቢ ግልጽ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚመዘነው አንድ ሰው ሳይሆን የመላው ቀባሪ ንግግር መሆኑ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እናሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የመረጥናቸው ናቸው። በኤድስ ከሞቱ 100 ሰዎች ቀባሪዎች በተሸፈነ ቃል የሚያመለክቱት 50ውን ብቻ ነው እንበል። በሌላ ምክንያት ከሞቱ 100 ደግሞ በስሕተት 5ቱን እንደዚያው ይጠሯቸዋል። በመዝገቡ ላይ ከ1,000 ሟቾች 320ው እነዚህን ቃላት ይዘው ቢገኙ፣ የኤድስ ሟቾች 320 ናቸው ማለት ስሕተት ነው። ሁሉም በሌላ ምክንያት ሞተው ቢሆን ኖሮ እንኳ 50 በስሕተት ይመዘገቡ ነበር፤ ይህ ከ320 ሲቀነስ 270 ይቀራል። አንድ ሟች ከሌላው ወደ ኤድስ በተዛወረ ቁጥር መዝገቡ የሚጨምረው በ0.50 እና በ0.05 መካከል ባለው ልዩነት፣ በ0.45 ነው። 270 ለ0.45 ሲካፈል 600 ይሆናል። ማመሳከሪያውም ቀላል ነው፤ የ600 ግማሽ 300፣ የቀሪው 400 አምስት በመቶ 20፣ ድምሩ 320።

ይህን ስሌት ደጋግመን ስንመለከት ከአኀዙ ይልቅ ያቆመን ሌላ ነገር ነው። በፊቅህ ጀናዛ የሚያጥብ ሰው በሟቹ ገላ ላይ ያየውን ነውር እንዲሸሽግ ታዟል፤ «ሲትር» የሟች መብት ነው። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ የሞትን ምክንያት መመዝገብ ይህን መብት ይጥሳል ብሎ ቢሰጋ አያስደንቅም። ስሌቱ ግን ከ1,000ው ሟች እገሌ በኤድስ ሞቷል አይልም፤ ሊልም አይችልም። ቀባሪው እንደሚሸሽግ አስቀድሞ ተቀብሎ፣ መሸሸጉን ራሱን በልኩ ያስገባል። የብዙዎቹ ነገር ሲታወቅ የእያንዳንዱ እንደተሸፈነ ይኖራል። በናሙና የተመረጡት ቤተሰቦች ግን የነገሩት ምሥጢር ነበርና አደራው በተመራማሪው ላይ ወድቋል፤ ይህን ማቃለል አይገባም።

የናሙና አመራረጥ ሙያ ለትምህርት ክፍሉ አዲስ አልነበረም። በ1979 ዓ.ም. ግድም በቡታጅራ አካባቢ፣ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት ወረዳ፣ ዘጠኝ የገበሬና አንድ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተመርጠው ልደትና ሞት በተከታታይ ይመዘገብ ጀምሮ ነበር። ምርጫው እያንዳንዱ ማኅበር እንደ ሕዝቡ ብዛት የመመረጥ ዕድል በሚያገኝበት ዕጣ ነበር።

ነፃ የኤድስ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ከጀመረ በኋላ የመቃብሩ መዝገብ ሌላ ጥቅም ሰጠ። በጎልማሶች መካከል በኤድስ የሚሞተው ሰው በግልጽ እየቀነሰ መሄዱን በከተማ ደረጃ ያሳየው ይኸው መዝገብ ነው። ሆስፒታሎች የሚያውቁት ወደ እነርሱ የመጣውን ሲሆን፣ መቃብር ግን ሆስፒታል ያልደረሰውንም ይቀበላል።

ለሙስሊም አጥኚ የቀረ አንድ ሥራ እናያለን። በእኛ ልማድ ጀናዛ በዕለቱ ይቀበራል፤ ወደ ኮልፌ መቃብር የሚሸኙትም ወንዶች ናቸው። ስለ ሞተች ሴት ጸሐፊው የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ ያስታመማት አይደለም፤ ያስታመመችው እናት ወይም እኅት ቤት ቀርታለች። ስለዚህ ለሴቶች የሚነገረው ምክንያት ለወንዶች ከሚነገረው ይልቅ የመሳሳት ዕድሉ የሰፋ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም አንድ ማረሚያ ከመጠቀም በፊት የሴቶቹ ቃል ለብቻው፣ ያስታመሟቸውን በመጠየቅ መመዘን አለበት።