የእንዶድ ነገር

ሳሙና ከፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት የአገራችን ሳሙና ከቁጥቋጦ ይለቀም ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ሲበጠበጥ አረፋው ነጠላውን ወተት ያስመስለዋል። ሙያው የእናቶቻችን ነበር። በሳይንስ መዝገብ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ ወጣት ነበሩ። ዐድዋ የወረዱት ስለ ቢልሃርዝያ ሊያጠኑ ነው። የዚህ በሽታ ትል በሰው ደም ሥር ይኖራል፤ ዕንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ሰውነት ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ የሚዋኘውን ሕፃን ወይም ልብስ የምታጥበውን ሴት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ዶክተሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚያም አንዲቱን ሴት፣ አረፋውን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ወዳሉበት ወደ ላይኛው ውኃ እንድትጨምረው ጠየቁ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሴቲቱ ማን ትሆን? ስሟ አልደረሰንም። እኔ ግን ከግኝቱ ድርሻ አላት እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት ድካም ነው። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ወንዞች እንዶድ ሲጨመር፣ የበሽታው ሥርጭት ከ63 ከመቶ ወደ 33 ወረደ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 ወደ 7 ከመቶ! የእንዶዱ ኃይል በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከውኃው ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዓለም ወዲያው አልተቀበለውም። በፋብሪካ የሚሠራው ቀንድ አውጣ ገዳይ ለድኃ አገር ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን በውጭ ላቦራቶሪዎች ደረጃ ካልተመረመረ አይታመንም ተባለ። ጥንቃቄው አያስከፋም፤ ለምርመራው ገንዘብ ሳይገኝ ዓመታት መንጎዳቸው ግን ያስቆጫል። በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዜብራ የተባለ ዛጎል ለበስ ፍጡርን በእንዶድ ለመግደል ፓተንት አወጣ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ቢልሃርዝያን ያድናል። የዳነው ልጅ ግን ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ፣ ቀንድ አውጣው አሁንም እዚያው ይጠብቀዋል።