ክረምት ዊንተር አይደለም

ሰኔ ሲያልቅ ከመካነ ሰላም ተነስቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ መምህር በአማርኛ «የክረምት ተማሪ» ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን «የሰመር ተማሪ» ይሆናል። ይኸው መምህር መዝገበ ቃላት ገልጦ «ክረምት» የሚለውን ቢፈልግ የሚያገኘው «ዊንተር» የሚል ፍቺ ነው። ሰመርና ዊንተር ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። አንድ የአማርኛ ቃል እንዴት ለሁለቱም ፍቺ ሆነ?

አውሮፓዊው ዓመቱን የሚከፍለው በሙቀትና በብርድ ነው። የወሎ ደገኛ የሚከፍለው በዝናብ ነው። ዊንተር የብርድ ስም ነው፤ ክረምት ግን የዝናብ። በለጋምቦና በጉጉፍቱ ከፍታዎች ሰብል የሚያቃጥለው ውርጭ የሚወርደው ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያ ጊዜ በአማርኛ በጋ ይባላል። በማቴዎስ ወንጌል ሽሽት በክረምት እንዳይሆን ጸልዩ የተባለውን ያነበበ የቦረና ሰው ግን ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በፍልስጤም ምድር ዝናብ የሚጥለው በብርዱ ወራት ስለሆነ ትርጉሙ እዚያም እዚህም ያው ነው፤ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚቆረጥበት ጊዜ።

በአገር ውስጥም ቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ የለውም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት አራት ወራት ናቸው። ለገበሬው ግን ክረምት የሚገባው ዝናቡ ሲገባ ነው። የእስልምና የጨረቃ አቆጣጠር በወቅቶች መካከል ስለሚዞር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያርሰው በሰኔና በሐምሌ ቆጥሮ ነው። ዝናብ ሲጠፋ አንዱ ዱዓ ያደርጋል፣ ሌላው ምህላ ይይዛል፤ የሚጠብቁት ክረምት ግን አንድ ነው።

ከዚህ ቃል የወጣው ግስም ብዙ ይናገራል። «ከረመ» ማለት በመጀመሪያ ክረምቱን አሳለፈ ማለት ነው። ከዚያ ሰፍቶ ቆየ፣ ሰነበተ ሆነ። «እንዴት ከረማችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ሳያስበው፣ ያን ጊዜ እንዴት አለፋችሁት እያለ ነው። የሚመጣው ዓመትም «ከርሞ» ነው። የጥንት እንግሊዞችም ዕድሜን በዊንተር ይቆጥሩ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ ዓመት የሚቆጠረው ሰውን በሚፈትነው ወቅት ነው።

ታሪክም በዚህ ወቅት ተገዝቷል። ነገሥታቱ በበጋ ይዘምታሉ፣ በክረምት ይሰፍራሉ። ዜና መዋዕሎቻቸውም ንጉሡ የት እንደከረመ ይመዘግባሉ። ጎንደር ራሷ የተቆረቆረችው እንዲህ ያለ መክረሚያ ሆና ነው።

የመቅደላ ታሪክም ከክረምት እስከ ክረምት ያለ ታሪክ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር የተነሱት በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ፣ ዝናቡ ሲቆም ነበር፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ጄኔራል ናፒዬርም 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ከዙላ ሲገሰግስ ከንጉሡ እኩል የሚያስጨንቀው የሰኔ ዝናብ ነበር። በሽሎ ሞልቶ ከኋላው ቢዘጋበት ያ ሁሉ ጦር ከነከብቱ ምን በልቶ ሊከርም ነው? ሚያዝያ 6 ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። እንግሊዞቹ አምባውን አቃጥለው በዚያው ሳምንት ጉዞ ጀመሩ፤ በሰኔ የጦሩ መጨረሻ ዙላን ለቀቀ። የክረምትን ትርጉም ባዕዱ ጄኔራል ጠንቅቆ ተረድቶታል።

ከሁሉም ፍቺ ከባዱ ግን ከጎተራ ጋር የተያያዘው ነው። በመኸር የገባው እህል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሟጠጣል፤ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። በደቡብ ወሎ ደጋ ይህን ክፍተት የሚሞላው በሰኔና በሐምሌ የሚደርሰው የበልግ ገብስ ነው። በልግ ሲከሽፍ ችግሩ በበልግ አይታይም፤ በክረምት፣ አገሩ ሁሉ ለምልሞ ሳለ፣ ቤት ውስጥ ይገባል። ከመኪና መስኮት የሚያይ ሰው «ዘንድሮስ ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። በአውሮፓ የዊንተር ረሃብ ከነጭ በረዶ ጋር ይመጣል። የወሎ ረሃብ ግን አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

1965 ዓ.ም. ይህንን አሳይቷል። የ1964ቱ ክረምት ከሸፈ፣ ቀጥሎ የ1965ቱ በልግ ከሸፈ። ያ ረሃብ ክፉኛ የመታው የምሥራቁን ወሎ ቢሆንም፣ ተፈናቃዩ በመጠለያዎች የበዛው በዚያው ዓመት ክረምት ነው። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ነበር፤ ክረምቱ አልፎ፣ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ። በ1976ም በልጉ ቀድሞ ከሸፈ፣ ክረምቱም ተከተለ፤ ዓለም ያወቀው በጥቅምት 1977 ከኮረም በተላለፈ ዘገባ ነው። ሁለቱም ጊዜ ምልክቱ ከክረምት በፊት ነበር፤ የታየው ግን ከክረምት በኋላ ነው።

ዛሬ መንገዱ ተሻሽሏል። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ መካነ ሰላም ይደረሳል፤ ከዚያም አባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይታለፋል። የገጠር ቀበሌ ግን አስፋልት ዳር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለተጠቃሚው የሚከፍለው በዓመት ለስድስት ወር፣ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ክፍያው ሲያበቃ ክረምት ይገባል። ሥራው በበጋ መሠራቱ ያስኬዳል፤ ጎተራው የሚራቆተው ግን በሐምሌ ነው። በዚህ ላይ የጸጥታ ችግር ሲጨመር በግንቦት ያልደረሰ እህልና መድኃኒት በነሐሴ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ስለዚህ የወረዳም ሆነ የፌዴራል ባለሥልጣን ሪፖርት ላይ «የክረምቱ ዝናብ መደበኛ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ፋይሉን መዝጋት የለበትም። ዝናቡ መደበኛ መሆኑ የሚናገረው ስለ ኅዳር አዝመራ ነው፤ ስለ ሐምሌ እራት አይደለም። ቀጥሎ መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በልጉ እንዴት ነበር? ወንዙ ሳይሞላስ መጋዘኑ ውስጥ ምን ገብቷል?