መብራቱ በርቷል፤ ማን ወጋ?

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሻሞላ ጨዋታ ነው። አትሳቁ! ፈረንጆቹ ፌንሲንግ የሚሉትን ስፖርት መማር ከጀመርን ገና ሦስት ወር ሳይሞላን፣ ከምንኖርበት ብራስልስ በባቡር ሄደን ጁላይ 29 ቀን 2024 ማታ ፓሪስ፣ ግራንድ ፓሌ ውስጥ ኦሊምፒክ ለማየት ተሰይመን ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልን።)

ግራንድ ፓሌ ለ1900 የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ፣ ጣሪያው መስታወት የሆነ ግዙፍ ሕንፃ ነው። ለፍጻሜ የደረሱት ተፋላሚዎች የሚገቡት በትልቁ ደረጃ ቀስ ብለው እየወረዱ ስለሆነ ሙሽራ ይመስላሉ። እኛም «ሦስት ወር ተምረናል» ብለን፣ ጎናችን ለተቀመጠ ሰው ልናስረዳ ተዘጋጅተን ነበር። ምን አየን? መብራት! የሻሞላው ጫፍ ከዓይናችን ይፈጥናል። ቀይ ወይም አረንጓዴ ቦግ ሲል ብቻ «አሃ፣ ተወጋ» ብለን እናጨበጭባለን።

የወንዶች ፎይል ፍጻሜ ላይ የሆንግ ኮንጉ ቹንግ ካ ሎንግና ጣሊያናዊው ፊሊፖ ማኪ 14 ለ 14 ደረሱ። አንድ ነጥብ፣ አንድ ወርቅ። ሁለቱም ተወረወሩ፤ ሁለቱም መብራቶች በሩ። በፎይል እንዲህ ሲሆን ነጥቡ ጥቃቱ የእሱ ለሆነው ይሰጣል። ማን እንደ ነካ መሣሪያው ያውቃል፤ ጥቃቱ የማን እንደ ነበር ግን የሚፈርደው ዳኛው ነው። ዳኛው ወደ ቪዲዮ ሄዱ፤ ነጥብ የለም ተባለ። ደግሞ ተወረወሩ፤ ደግሞ ቪዲዮ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። በመጨረሻ ነጥቡ ለቹንግ ተሰጠና በቶኪዮ ያገኘውን ወርቅ ደገመው። የጣሊያን ፌዴሬሽን ሁለቱም ዳኞች ከእስያ ናቸው ብሎ አቤቱታ አሰማ።

የሚገርመው፣ እዚያው ፓሪስ ልክ ከ100 ዓመት በፊት ጣሊያኖቹ በዳኛ ተቆጥተው ነበር። በ1924ቱ ኦሊምፒክ በሳብር ውድድር፣ የኦሬስቴ ፑሊቲ ቡድን ጓደኞች ሆን ብለው ተሸነፉለት የሚል ክስ ተነሣ። ፑሊቲ ኮቫች በሚባለው ሃንጋሪያዊ ዳኛ ላይ ዛተና ከውድድሩ ተባረረ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከወራት በኋላ ሁለቱ በሃንጋሪና በዩጎዝላቪያ ድንበር ላይ በእውነተኛ ሻሞላ ተፋለሙ! አንድ ሰዓት ያህል ተሞሻለቁ፤ ቁስሉ ሲበዛ ሰው ገላገላቸውና ተጨባብጠው ተለያዩ። የ2024ቱ በአቤቱታ ደብዳቤ ማለቁ ስንት ዕድገት ነው?

በዚያ ዘመን ነጥብ የሚቆጠረው በዓይን ነበር። አራት ረዳት ዳኞች ሁለት ሁለት ሆነው ይቆማሉ፤ መሐል ደግሞ ዋናው ዳኛ አለ። የረዳቶቹ ድምፅ አንድ አንድ ሲሆን የዋናው አንድ ተኩል ነው። ለካ የሰው ዓይን በግማሽም ይቆጠራል! እንግዲህ የማን ዓይን ለማን አገር ያደላል የሚለው ጭቅጭቅ ማለቂያ አልነበረውም። ኤሌክትሪክ የመጣው ይህን ሊያስቀር ነው። ኦሊምፒክ ላይ ኤፔ በ1936፣ ፎይል በ1956፣ ሳብር በ1992 በሽቦ ተያያዙ። ዛሬ የኤፔ ጫፍ 750 ግራም ያህል ካልተጫነው መብራቱን አያበራም።

ሰው ግን ሰው ነው። በ1976 ሞንትሪያል ላይ በዘመናዊ ፔንታትሎን፣ የሶቪየቱ ቦሪስ ኦኒሽቼንኮ ኤፔ ሳይነካ መብራት ያበራ ጀመር። እንግሊዛዊው ጂም ፎክስ ተቃወመ፤ መሣሪያው ተወስዶ ሲፈተሽ እጀታው ውስጥ የተደበቀ ማብሪያ ተገኘ። ኦኒሽቼንኮ ተባረረ፤ የቡድን ወርቁንም እንግሊዞች ወሰዱ።

የኮሪያዋ ሺን አ-ላም ነገር ደግሞ ይበልጥ አንጀት ይበላል። ለንደን 2012፣ የኤፔ ግማሽ ፍጻሜ፤ 5 ለ 5 ናቸው፤ አንድ ሰከንድ ቀርቷል። ሰከንዷ ካለፈች አሸናፊዋ ሺን ናት። ሰዓቱን የሚያስጀምረው ግን የሰው እጅ ነበር። ጀርመናዊቷ ብሪታ ሃይደማን በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግማ አጠቃች፤ በመጨረሻም ነካች፤ መብራቱም በራ። ሺን መወዳደሪያውን ለቅቃ ብትወጣ ውጤቱን ተቀበለች ማለት ስለሆነ፣ ይግባኙ እስኪታይ እዚያው ቁጭ ብላ አንድ ሰዓት ያህል አለቀሰች። ይግባኙም ውድቅ ሆነ።

በእኛ አስተያየት ሽቦው ክርክሩን ከደረት ላይ አንሥቶ ሰዓቱና ቪዲዮው ላይ አስቀመጠው እንጂ አላስቀረውም።

ይህን ሁሉ የምናወራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ጀማሪዎች ሽቦም መብራትም የለንም። የተወጋ ሰው ራሱ እጁን አንሥቶ «ቱሼ» ይላል፤ «ነካኸኝ» እንደ ማለት ነው። ወደ ፓሪስ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ልምምድ ላይ ደረታችንን በደንብ ተወግተን ዝም አልን። 4 ለ 4 ነበርን፤ ዳኛ አላየም፤ የገጠምናቸውም ጡረታ የወጡ እናት ናቸው፤ ምንም አላሉም። ግራንድ ፓሌ ውስጥ ስምንት ጊዜ ያህል ትዝ አለን፤ በተለይ ዳኛው ወደ ቪዲዮው ሲራመዱ።

ከፓሪስ መልስ፣ ማክሰኞ ማታ ሴትዮዋን ጠብቀን ነገርናቸው። እሳቸውም ጭንብላቸውን አወረዱና «አን ጋርድ» አሉ።