ደብሊውፒኤ ማለት ምን ማለት ነው?

ደብረ ታቦር ውስጥ ካፌ ገብታችሁ የዋይፋዩን ዝርዝር ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ «ደብሊውፒኤ2» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ምህጻረ ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን «የተጠበቀ የዋይፋይ ግንኙነት» እንደ ማለት ነው። በስልኩና በራውተሩ መካከል በአየር የሚያልፈው መረጃ የሚመሰጠርበትን ስርዓት ያመለክታል።

ቀዳሚው ስርዓት ዌፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 802.11 ከተባለው የገመድ አልባ ኔትዎርክ ደረጃ ጋር ወጣ፤ በ2001 ግን ተመራማሪዎች በቀላሉ እንደሚሰበር አሳዩ። በ2003 በደብሊውፒኤ ተተካ፤ በ2004 ደብሊውፒኤ2፣ በ2018 ደግሞ ደብሊውፒኤ3 ተከተሉ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት መለየት ይጠቅማል። የካፌው የይለፍ ቃል ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ደንበኛው ሁሉ ያውቀዋል። በደብሊውፒኤ2 ይህን ቃል የያዘ ሰው፣ የእናንተ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲተዋወቅ የሚለዋወጡትን መልእክት ከጠለፈ፣ የዋይፋዩን ምስጠራ ሊፈታ ይችላል። ደብሊውፒኤ3 ለእያንዳንዱ ግንኙነት የይለፍ ቃሉን በማወቅ ብቻ የማይደረስበት ቁልፍ ስለሚፈጥር ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። ባንካችሁ ወይም የመልእክት መተግበሪያችሁ በራሱ የሚያደርገው ምስጠራ ግን በሁለቱም ላይ ይሠራል።

ከደብረ ታቦር እስከ ንፋስ መውጫ፣ ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን ራውተር ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ቅንብሩን ክፈቱ። ደብሊውፒኤ3 ካለ ምረጡት፤ ከሌለ ደብሊውፒኤ2ን ከረጅም የይለፍ ቃል ጋር ተጠቀሙ። ዌፕን ግን ፈጽሞ አትጠቀሙ።