አለምገና ላይ የሚገነጠለው መንገድ

በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ ወሊሶ የሚሄድ መኪና ላይ ወንበር ለማግኘት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? የወንጪ ልጅ ከሆናችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። አገሩ የሚገባው ጉራጌ መናኸሪያውን ያጥለቀልቀዋል፤ ወሊሶ ወርደን ወደ ወንጪ የምንወጣው እኛ ቆመን እንጠብቃለን። ልጅ ሳለሁ በጣም ያናድደኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የአንድ ተማሪን ጥናት ሳውቅ ግን ንዴቴ ወደ ቅናት ተለወጠ።

ተማሪው በኋላ ዶክተር የተባሉት ፈቃዱ ገዳሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ከተማ የገቡ ሰዎች በማኅበር አማካይነት ከገጠር ጋር ያላቸውን ትስስር እንዴት እንደሚያቆዩ ይመረምራል። ዋና ምሳሌው የአለምገና–ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበር ነው (ወላይታ ያኔ የሚጠራው በዚህ ስም ነበር)።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ ጉራጌ ወደ አዲሲቱ ከተማ ጎረፈ። ጉድጓድ ቆፈረ፣ ሸክም ተሸከመ። «ጉራጌ» ማለት «ተሸካሚ» ማለት እስኪመስል ድረስ ከተማው ስሙን በሥራው ለወጠበት። ቀስ በቀስ ግን ሸክሙን አውርዶ መርካቶ ሱቅ ከፈተ። በዕቁብና በዕድር የለመደውን መዋጮ ደግሞ ለመንገድ አዋለው። ከተማው ተሸካሚ ባየበት ቦታ ተማሪው ማኅበር አየ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም!

የእኛስ ሰፈር? እ.ኤ.አ. በ1963 የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። የአምቦ አካባቢ ሰው እኮ ሜጫ ነው። እነሱም ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለመንገድ አዋጡ። ማኅበሩ ሲገን ግን መንግሥት ፈራው፤ በ1967 ታገደ። አንዱ ማኅበር በመንገድ ሲታወስ ሌላው በእስርና በእገዳ ይታወሳል። ሁለቱም የተነሱት ግን ከአንድ ሐሳብ ነው፦ ከተማ የገባ ሰው አገሩን አይረሳም።

አሁን አገር ቤት ስሄድ አለምገና ላይ ወደ ቡታጅራ የሚገነጠለውን መንገድ በመስኮት አየዋለሁ። ቆሜም ቢሆን።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የቸገራችሁ የወንጪ፣ የአምቦ፣ የጊንጪ ልጆች፣ ሩቅ አትሂዱ። አባታችሁን ጠይቁ፦ አዲስ አበባ የገባህ ቀን ማን ቤት አደርክ? ለየትኛው ማኅበርስ አዋጣህ? አባት ሳያልፍ፣ ዛሬውኑ ጻፉት።