ከጋይንት ዐጸድ እስከ ጉለሌ

ዕፅን በስሙ መጥራት ከዕውቀት ሁሉ ቀዳሚው ነው። የሰው ልጅ የሚበላውን ከሚገድለው፣ የሚያድነውን ከሚያሳምመው ለይቶ ለትውልድ ሊያስተላልፍ የቻለው ለእያንዳንዱ ስም እየሰጠ ነው። ስም ያልወጣለት ቅጠል ለሕመምተኛ አይታዘዝም፤ ለልጅም በውርስ አይሰጥም። ስለዚህ የአንድ አገር የዕፅዋት ስም ዝርዝር የዚያ አገር ሕዝብ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው የዕውቀቱን ባለቤቶች ሳይጠቅስ ነው።

ይህን በዓይኑ ለመመልከት ለሚሻ ሰው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ጥሩ መነሻ ይሆነዋል። በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ከፍታ ላይ በ705 ሄክታር መሬት የተንጣለለው ይህ ማዕከል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ካደረጉት ስምምነት የተወለደ ነው። ኮረብታው ለብዙ ዘመን በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ኖሯል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ ታሪኩን በስሙ ተሸክሟል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነውና። በማዕከሉ የአገር በቀሎቹ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ቀስ በቀስ የባሕር ዛፉን ቦታ እንዲወርሱ ይደረጋል።

አስጎብኚው ከፊት፣ ጎብኚዎቹ ከኋላ ሆነው ዳገቱን ሲወጡ በየዛፉ ሥር ቆም ይላሉ። አስጎብኚው በመጀመሪያ የአማርኛውን ስም፣ ቀጥሎ የላቲኑን፣ በመጨረሻም የዛፉን ጥቅም ይናገራል። ጎብኚው ያዳምጣል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ወደሚቀጥለው ዛፍ ያልፋል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይጠየቅ እዚያው ዛፉ ሥር ይቀራል፤ ይህ ዕውቀት ከማን ተገኘ?

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ሥራዬ ተብሎ የሚጠየቅበት አገር አለ፤ እርሱም በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የዚህ አገር ራስጌ ነው። ከጉና በስተ ምዕራብ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ፤ በሌላው ጎን አገሩ በገደልና በሸለቆ እየተሰነጠቀ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቆላ ይዘልቃል። ጅብራና አስታ ከሚበቅሉበት ውርጭ ተነሥቶ ግራርና ወይራ እስካለበት ሙቀት የሚወርድ መንገደኛ፣ በአንድ ጉዞ ብዙ የአየር ጠባይ ያልፋል።

በዚህ ምድር ቤተልሔም አለች። የጋይንቷ ቤተልሔም የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ታላቅ ጉባኤ ናት፤ ዙር አባም እንዲሁ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ተማሪው ከየአውራጃው እግሩ እየደማ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየታገለ ወደዚያ ሲሄድ ዜማውን ማወቁ ብቻ አይበቃውም። ከማን እንደ ተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደ ተቀበለ መታወቅ አለበት። ሲመሰክርም ስሙ ከመምህራኑ የስም ሐረግ ላይ ይቀጠላል። ምንጩ ያልታወቀ ዜማ በጉባኤው ፊት ክብር የለውም። ባለ ሐረግ ዕውቀት የሚባለው ይህ ነው።

ያ ጉባኤ የቆመው በዛፍ ጥላ ሥር መሆኑ ደግሞ የሚዘነጋ አይደለም። የተማሪው ጎጆ የሚቀለሰው በዐጸዱ ዙሪያ ነው። ከበሮው ከዋንዛ ይጠረባል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል፤ የመቅደሱ በርና መስኮት ከጽድና ከዝግባ ይሠራል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓኬንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ቤተልሔም በደረሰ ጊዜ፣ በክቡ የሣር ክዳን ውስጥ ተሸሽጎ የኖረ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ለውጭው ዓለም አስታወቀ። በየዘመኑ በውስጡ ሲያዜሙ ለኖሩት ለደብሩ ካህናት ግን ነገሩ ግኝት አልነበረም። «ተገኘ» የሚለው ቃል ዘወትር የሚናገረው ስለ ተመልካቹ እንጂ ስለ ባለቤቱ አይደለም። ይህ እውነት ለሕንፃ እንደሚሠራ ለዛፍም ይሠራል።

እንግዲህ የቤተልሔምን ጥያቄ ይዞ ወደ ጉለሌ ዛፎች መመለስ ይቻላል። ኮሶ ስሙን ከማን ተቀበለ?

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1790፣ ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ የኮሶን ሥዕል አቀረበ፤ ሕዝቡ ለሆድ ትል እንደሚጠጣውም ጻፈ። ዛፉንም በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ወደደ። ይሁን እንጂ ጸንቶ የቀረው በማግስቱ ዓመት ጀርመናዊው ግሜሊን ያወጣው «ሃጌኒያ» የተባለው ስም ነው፤ ይኸውም በኮኒግስበርግ ከተማ ለሚኖር ሃገን ለተባለ የመድኃኒት ሊቅ መታሰቢያ ነበር። ሃገን ኢትዮጵያን አልረገጠም። ኮሶን ለመጀመሪያ ጊዜ ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ መጠኑን ለይታ ለልጇ ያጠጣችው ኢትዮጵያዊት እናት ግን በየትኛውም ቋንቋ ስሟ አልተመዘገበም።

የዋጊኖስም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ብሩስ በጉዞው ላይ በተቅማጥ በታመመ ጊዜ በአገሬው ሰዎች ምክር የዳነበት መድኃኒት ነው። ሳይንስ ይህን ዕፅ «ብሩሲያ» ብሎ ሰየመው፤ በዳነው ሰው ስም ማለት ነው። ያዳኑት ሰዎች ስም ቀረ።

ይህ የስም አወጣጥ የተለመደው በአውሮፓ የዕፅዋት ዐጸዶች ታሪክ ውስጥ ነው። በጣልያን አገር ፒሳ፣ ፓዱዋና ፍሎሬንስ እ.ኤ.አ. በ1540ዎቹ የዕፅዋት ዐጸድ ሲያቋቁሙ ዓላማቸው ተማሪዎች የመድኃኒት ቅጠል በዓይናቸው እያዩ እንዲማሩ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በለንደን አጠገብ ያለውን ኪውን የመሳሰሉት ዐጸዶች ከቅኝ ግዛት ጋር አብረው አደጉ። ጎማ፣ ሻይና ኪና ከአንዱ አህጉር ተነቅለው በሌላው የተተከሉት በእነርሱ በኩል ነው። ዐጸዱ የዕውቀት ቤት የመሆኑን ያህል የንግድ መጋዘንም ሆነ።

የኢትዮጵያ ጤፍም በዚህ መንገድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1775 አቲሊዮ ዙካኚ የተባለ ሊቅ በፍሎሬንስ ከተማ ስለ ጤፍ ጽፎ ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። እርሱስ ገበሬው የሚጠራበትን «ጤፍ» የሚለውን ቃል ሳይለውጥ አስቀመጠው፤ ቃሉ እስከ ዛሬ በላቲኑ ስም ውስጥ ይገኛል። ሆኖም ቃሉን መጠበቅ የቃሉን ባለቤት መብት መጠበቅ እንዳልሆነ፣ ወደ ፊት እንደሚታየው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ግልጽ ሆነ።

ከብሩስ በኋላ የመጣው ቪልሄልም ሺምፐር ለጋይንትና ለእስቴ ይበልጥ የቀረበ ሰው ነው። ይህ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ በ1878 በዐድዋ እስኪሞት ድረስ ኑሮውን በዚሁ አገር አደረገ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ የመድፍ ማምረቻቸውን ባቋቋሙበት በጋፋትና በደብረ ታቦር አካባቢ፣ በጉና ግርጌ፣ ዕፅዋት ሰብስቧል። ከዚህ ምድር የለቀማቸው ቅጠሎች ደርቀው፣ በወረቀት ላይ ተለጥፈው በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። በደጋው የሚበቅለው ጦስኝ ሳይንሳዊ ስሙ የሺምፐርን ስም ይዟል። ይህን ማንሣት የሺምፐርን ድካም ማቃለል አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ በተራራና በገደል ተንከራቶ የሰበሰበው ባይኖር ኖሮ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሳይንስ መሠረቱ በሳሳ ነበር። ግን መንገድ እየመራ «ይህ ለቁስል ነው፤ ያ መርዝ ነው» ያለው ባላገርስ የማን ምስክር አለው?

ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ዕፅዋት ራሳቸው ለመመዝገብ ተነሥተው ትልቁን ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተዘጋጅቶ በ2009 ተፈጸመ። ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች ተመዘገቡበት፤ ከዐሥሩ አንድ ያህሉ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው።

መዝገቡ በተሟላበት በዚሁ ዘመን ግን የተመዘገቡት ዛፎች ራሳቸው እየመነመኑ ነበር። ከጉና ላይ ቆሞ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የሚመለከት ሰው የሚያየው የታረሰ ተዳፋት፣ የተሸረሸረ ኮረብታና በመካከሉ እንደ ደሴት ጉብ ጉብ ያሉ ጥቋቁር አረንጓዴ ክቦች ነው። በእያንዳንዱ ክብ መካከል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። በደቡብ ጎንደር የቀደመው ደን ቅሪት ከሞላ ጎደል የሚገኘው በእነዚህ ዐጸዶች ነው።

ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዘገበ፤ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት አቀረበ። ድርቅ በደጋገመውና መሬት በጠበበበት አገር፣ ለማገዶና ለሞፈር የሚሆን እንጨት ያጣ ገበሬ የደብሩን ወይራ ሳይቆርጥ መኖሩ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም። በዚያ ጥላ ሥር ሰንበቴ ይጠጣል፤ ሽማግሌ ይታረቃል፤ ሙት ይቀበራል። ደኑን የጠበቀው አጥር ሳይሆን ይሉኝታና ፍርሃተ እግዚአብሔር ነው።

ይሁን እንጂ ክብር ብቻውን ደንን አያድንም። ጥናቱ እንዳሳየው ከብት የሚገባበት ዐጸድ ሽማግሌ ዛፎች ይኖሩታል እንጂ ልጆች የሉትም። ቡቃያው ገና ከመሬት ብቅ ሲል ይበላል፤ ይረገጣል። አሮጌው ጽድ ሲወድቅ የሚተካው የለም፤ ልጅ እንደሌለው ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ከካህናቱና ከገበሬዎቹ ጋር በተደረገ ምክክር አንዳንድ ደብሮች በድንጋይ ካብ መታጠር ጀመሩ። ገበሬው ማረሻውን የሚያዶለዱመውን ድንጋይ ከማሳው ለቅሞ ካቡን ሲክብ ማሳውም ይጠራለታል፤ ቡቃያውም ይተርፋል። ከብት ያልገባበት ስፍራ ቡቃያ መልሶ እንደሚይዝ በሙከራ ታይቷል።

ዐጸዱ ከተጠበቀ ዕውቀቱስ? ይህን ጥያቄ ሁለት የቅርብ ዘመን ታሪኮች ይመልሳሉ። የመጀመሪያው የእንዶድ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ ተመለከተ። ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያይ፣ እንዶድ ብልሃርዝያ አስተላላፊዎቹን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጠ። ለዚህም ሥራ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። አክሊሉ ምንጩን አልደበቀም፤ ታሪኩን በተናገረ ቁጥር አጣቢዎቹን ሴቶች ጠቅሷል። እንደ ቤተልሔም ተማሪ ከማን እንደ ተማረ መስክሯል።

ሁለተኛው የጤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ ፓተንት ሰጠ። የኢትዮጵያ እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ዱቄት በባዕድ አገር ወረቀት የሌላ ሰው ፈጠራ ተባለ። በሆላንድ የተመዘገበውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ የሻረው በ2018 መጨረሻ ነው። በ1775 ስሙ ሳይለወጥ በዐጸድ የተመዘገበው ጤፍ፣ ፓተንቱ በፍርድ ቤት እስኪሻር ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በበኩሏ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ማኅበረሰቡ ራሱ መሆኑን በሕግ ደንግጋለች። ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው የታወቀውን ነው፤ ያልተመዘገበ ምስክር በችሎት ፊት አይቆምም።

የጉለሌው ጉብኝት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። አስጎብኚው ኮሶ ሥር ሲቆም ግሜሊንን ቢያነሣ ትክክል ነው፤ የሳይንስ ሥርዓት ይጠይቃልና። ከዚያ ቀጥሎ ግን የትኛው አገር ሕዝብ ዛፉን በምን ስም እንደሚጠራው፣ ለምን እንደሚጠቀምበት፣ ዕውቀቱም ከማን አፍ እንደ ተሰማ ሊናገር ይገባል። ይህን የሚያዘጋጅለት ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ወደ ደብሩ ዐጸድ ወስዶ፣ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን አስጠይቆ፣ ከነስማቸውና ከነፈቃዳቸው ሊያስመዘግብ ይችላል። ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱም ብሩስንና ሺምፐርን ሲያስብ መንገድ መሪውን ባላገር ከመድረኩ ጥግ አውጥቶ ወደ መሐል ሊያመጣው ይገባል።

ይህ ሥራ ነገ የሚባል አይደለም። ቡቃያ በካብ ይጠበቃል፤ ሽማግሌ ግን በካብ አይጠበቅም። መድኃኒት አዋቂ ሲሞት ዛፉ ቆሞ ይቀራል፤ ከማን እንደ ተማሩ የሚመሰክር ግን አይኖርም። የጋይንት ሊቃውንት ዜማን ከነሐረጉ ጠብቀው ለዛሬ ያደረሱት በየትውልዱ ያንኑ አንድ ጥያቄ ስለ ጠየቁ ነው። ያው ጥያቄ በየዐጸዱ፣ በየዛፉም ሥር መጠየቅ አለበት።